የተቆራኙ ቅንጣቶች ስለ ስበት ምን ይመሰክራሉ?

(ደሴ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ልዩነቱን በአየሩ ያውቀዋል፤ እዚህ የደረበውን እዚያ ያወልቃል። በሰውነት የማይታወቅ፣ በሰዓት ብቻ የሚለካ ሌላ ልዩነትም አለ። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አንስታይን በ1915 ባጠናቀቀው የአጠቃላይ አንጻራዊነት ቲዎሪ መሠረት ደግሞ ለምድር ይበልጥ የቀረበ ሰዓት ዝግ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ዓይነት ሁለት ሰዓቶች ወስደን አንዱን ጦሳ ሥር፣ ሌላውን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ብናስቀምጥ፣ የደሴው በዓመት የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ይቀድማል። ሰዓቶቹ ምንም ጉድለት የለባቸውም፤ እኩል ያልሄደው ጊዜ ራሱ ነው።

ይህ በተግባር ተለክቷል። በ1960 ፓውንድና ሬብካ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በ22.5 ሜትር ከፍታ ልዩነት ብቻ፣ በጋማ ጨረር አረጋገጡት። በ2022 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ የአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚያመጣው የጊዜ ልዩነት እንኳ በአቶሚክ ሰዓት ታይቷል። አንድ ሚሊ ሜትር! ስበትን በዚህ በኩል በደንብ እናውቀዋለን ማለት ነው፤ ቦታንና ጊዜን የሚያጎብጥ ነገር ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጉዳይ ላምጣ። ሐረጎ ተራራ ላይ አንድ መሣሪያ ተተክሏል እንበል። መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ሁለት ፎቶኖች እየፈጠረ አንዱን ወደ ደሴ፣ ሌላውን ወደ ኮምቦልቻ ይልካል። በየከተማው አንድ ተማሪ ማጣሪያ ይዞ ይጠብቃል። ፎቶኑ ማጣሪያውን ያልፋል ወይም አያልፍም፤ ሦስተኛ መልስ የለም። የደሴው ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ምንም ሥርዓት የለውም፦ አለፈ፣ አለፈ፣ አላለፈም፣ አለፈ፣ አላለፈም። የኮምቦልቻዋም እንደዚሁ። ማታ ተገናኝተው ደብተሮቻቸውን ጎን ለጎን ሲዘረጉ ግን፣ ማጣሪያዎቻቸው በአንድ ማዕዘን የቆሙ ከነበረ መልሶቹ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ፎቶኖቹ የተቆራኙ ናቸው የምንለው ይህን ነው።

አንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር በ1935 ባወጣው ጽሑፍ የተከራከረው፣ ቅንጣቶቹ መልሱን ገና ከመነሻው ይዘውት መሄድ አለባቸው ብሎ ነው። ይህ ለማንም ጤነኛ አእምሮ የሚጥም ሐሳብ ነው። ጉዳዩ የፍልስፍና ክርክር ሆኖ 29 ዓመት ቆየ። በ1964 የሰሜን አየርላንዱ ተወላጅ ጆን ቤል ክርክሩን ወደ ቁጥር ለወጠው። ማዕዘኖቹን እያለዋወጥን ከአራት ዓይነት ልኬቶች አንድ ድምር እንሠራለን። መልሱ ቀድሞ የተያዘ ከሆነ ያ ድምር ከ2 ሊበልጥ አይችልም። የደቃቅ ቅንጣቶችን ባሕርይ የሚገልጸው ቲዎሪ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ትክክል ከሆነ ግን እስከ 2.83 ሊደርስ ይችላል። ክላውዘርና ፍሪድማን በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሙከራ አደረጉ። በ1982 አላን አስፔ ፓሪስ አቅራቢያ 2.697 አገኘ። በ2015 ደልፍት ላይ፣ በ1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት አልማዞች ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች፣ ለጥርጣሬ የቀረው ቀዳዳ ተደፈነ። አስፔ፣ ክላውዘርና በዚሁ መስክ የሠራው ዛይሊንገር በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሱትን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። በዚህ መንገድ ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ አይቻልም። ደብተሮቹ እስኪገናኙ ድረስ የደሴው ተማሪ ብቻውን የሚያነበው ነገር የለም፤ ደብተሩ ደግሞ በመኪና ወይም በስልክ እንጂ በሌላ አይመጣም።

እንግዲህ አንድ ፎቶን ጊዜ ፈጠን በሚልበት በደሴ፣ ሌላው ዝግ በሚልበት በኮምቦልቻ አለ። ቁርኝታቸውስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች የሚያምታቱት ነገር ስላለ ረጋ ብለን እንየው። ስበት በተቆራኙ ቅንጣቶች ላይ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ ነው። ስበቱ ራሱ የኳንተም ባሕርይ ቢኖረው ምን ያደርጋል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው በከፊል ተመልሷል። በ1975 ኮሌላ፣ ኦቨርሃውዘርና ዌርነር አንድን ኒውትሮን በአንድ ጊዜ በላይኛውና በታችኛው መንገድ እንዲሄድ አድርገው መንገዶቹን መልሰው አገናኙ። በሁለቱ መንገዶች መካከል የነበረው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍታ የኒውትሮኑን ሞገድ አዛባው፤ መጠኑም ስሌቱ እንዳለው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቻይና በ2016 ሚሲየስ የምትባል ሳተላይት አመጠቀች። ሳተላይቷ በሰከንድ 6 ሚሊዮን ገደማ የተቆራኙ ጥንዶች እየፈጠረች፣ 1,200 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች ላይ ከዚያ ሁሉ በሰከንድ አንድ ጥንድ ያህል አደረሰች። ያቺው አንዷ በቃች፤ የቤል ድምር ከ2 በላይ ወጣ። በ2019 ይህችው ሳተላይት፣ የተቆራኙ ፎቶኖች በተለያየ የስበት መጠን ውስጥ ሲያልፉ ቁርኝታቸው ይላላል የሚለውን አንድ የቲዎሪ ግምት ፈተነች። መላላቱ አልታየም፤ ውጤቱ ከተለመደው ኳንተም ሜካኒክስ ጋር ገጠመ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ምድር ትልቋ ምድር ናት፣ ስበቷም የአንስታይን ስበት ነው። ኳንተም የሆነው ፎቶኑ ወይም ኒውትሮኑ ብቻ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ ደጃፍ ገና አልተነካም።

ወደዚያ እንግባ። ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣን አቡጀዴ ከሩቅ ስታዩት ያለ ክፍተት የተዘረጋ አንድ ነገር ነው። ዓይናችሁን ስታስጠጉ ድሩና ማጉ ይለያል። ቦታና ጊዜም እንዲህ ከሆኑ፣ ክሩ የሚታይበት ርቀት የፕላንክ ርዝመት የምንለው ነው፤ በሜትር ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ 34 ዜሮዎች ተደርድረው 16 ይከተላል። አሜሪካዊው ጆን ዊለር በ1950ዎቹ በዚያ ጥልቀት ቦታና ጊዜ የረጋ ነገር ሳይሆኑ እንደ አረፋ የሚናወጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሰበ።

አረፋው ካለ በተቆራኘ ጥንድ ላይ ምን ያደርጋል? ሐሳቡ ይህ ነው። ቁርኝት የሚኖረው ጥንዱ ስለ ራሱ ለማንም ሳይናገር ሲቆይ ነው። አንድ የአየር ሞለኪውል ነክቶት ቢያልፍ ወሬው ይወጣል፤ ቁርኝቱም በዚያው ልክ ይላላል። ከአየር፣ ከሙቀት፣ ከብርሃን ልንከልለው እንችላለን። ከቦታና ከጊዜ ግን ማንም ሊከልለው አይችልም። ስለዚህ ቦታ ራሱ የሚናወጥ ከሆነ ጥንዱ የትም ቢደበቅ ቀስ እያለ ይላላል፤ የቤል ድምር ከ2.83 ወደ 2 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ ሁሉም ነገር ተከልሎ ሲያበቃ የሚቀር ትንሽ መላላት ካለ ምንጩ ቦታና ጊዜ ሊሆን ይችላል።

አረፋውን በቀጥታ ለማየት መሞከር አያዋጣም። ጄኔቫ አጠገብ ያለው፣ ቅንጣቶችን የሚያጋጨው የ27 ኪሎ ሜትር ቀለበት እንኳ ከሚያስፈልገው ኃይል በሚሊዮን ቢሊዮን እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ በጉልበት የማይደረሰውን በትዕግሥት መፈለግ ግድ ሆነ። የዚህ ትዕግሥት ምርጥ ምሳሌ በእኔ ግምት ሮም አጠገብ ፍራስካቲ ላይ የተደረገው ነው፤ እሱን ጠጋ ብለን እንየው።

ፍራስካቲ ላይ ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን በ1,020 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ይጋጫሉ፤ ፋይ የሚባል ቅንጣት ይወለዳል። ፋይ ወዲያው ይፈርስና ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ካኦን የሚባሉ ሁለት ገለልተኛ ቅንጣቶች ይተካል። እነዚህ ሁለቱ ከልደታቸው ጀምሮ የተቆራኙ ናቸው። ጀርባ ለጀርባ ይለያያሉ። አንደኛው ዓይነት ካኦን በአማካይ 6 ሚሊ ሜትር ሄዶ ይሞታል፤ ሌላው 3.4 ሜትር ይጓዛል። ዙሪያቸውን 4 ሜትር ስፋት ያለው፣ በጋዝና በሽቦ የተሞላ መሣሪያ ከቧቸዋል፤ ከካኦኖቹ ሞት የሚወጡት፣ ፒዮን የሚባሉት ቅንጣቶች በሄዱበት ሁሉ ዱካ ይተዋሉ። ተመራማሪዎቹ ዱካዎቹን ወደ ኋላ እየተከተሉ እያንዳንዱ ካኦን የት እንደሞተ፣ ከዚያም መቼ እንደሞተ ያሰላሉ።

ኳንተም ሜካኒክስ ስለዚህ ጥንድ አንድ የማያወላውል ነገር ይናገራል፦ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት አሟሟት አይሞቱም። ሁለቱም ወደ አንድ አዎንታዊና አንድ አሉታዊ ፒዮን የፈረሱባቸውን አጋጣሚዎች ብቻ ልቀሙ። ረጅም ዕድሜ ያለው ካኦን እንዲህ የሚሞተው ከሺህ ሁለት ጊዜ ያህል ስለሆነ ለቀማው ዓመታት ይወስዳል። ከዚያ በሁለቱ ሞቶች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት በግራፍ አስቀምጡ። ልዩነቱ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር የአጋጣሚዎቹ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል፤ ዜሮው ላይ ባዶ ሊሆን ይገባል። ያ ባዶ ቦታ ነው የቁርኝቱ ምስክር። የቦታ አረፋ ጥንዱን ቢያላላው ያ ባዶ ቦታ ይሞላ ነበር።

ከ1999 እስከ 2006 በተሰበሰበው መረጃ ውስጥ አልሞላም። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያስደንቀው የልኬቱ ጥራት ነው። ኳንተም ስበት በካኦን ላይ ሊያመጣ የሚችለው መላላት በግርድፉ ሲገመት 10⁻²⁰ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። የፍራስካቲው መለኪያ እስከ 10⁻²¹ ወርዶ ተመለከተ። አንድ ሕንፃ ውስጥ በሚገባ መሣሪያ፣ ማንም በጉልበት ሊደርስበት ያልቻለው ጥልቀት ተነካ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ውጤት ሲሰማ «ታዲያ ምንም አላገኙም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ጠንካራ ሐሳቦች በዚያ ባዶ ቦታ ተፈትነው ወድቀዋል፤ የተረፉትም ራሳቸውን አጥብበው እንዲናገሩ ተገደዋል። በ2024 ደቡብ ዋልታ ላይ በረዶ ውስጥ የተቀበረው አይስኪዩብ የተባለ መሣሪያ፣ ምድርን አቋርጠው በሚመጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ተመሳሳይ ፍለጋ አድርጎ መላላት እንዳላየ አስታውቋል።

እስካሁን ስበትን ቁርኝት አፍራሽ አድርገን ነው ያየነው። ሌላው ገጽታ ይበልጥ ያጓጓኛል፦ ስበት ቁርኝትን ሊፈጥር ይችላል?

ጥያቄው ሥሩ ሩቅ ነው። በ1957 አሜሪካ ቻፕል ሂል ላይ በተደረገ ጉባኤ ሪቻርድ ፋይንማን የሚከተለውን አነሳ። አንድ ክብደት ያለው ነገር በኳንተም ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ስበቱስ ወዴት ይስባል? ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወይስ እሱም በሁለት ሁኔታ ይኖራል? ጥያቄው ለ60 ዓመታት በወረቀት ላይ ቀረ። በ2017 መጨረሻ ግን ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በሱጋቶ ቦዝ የሚመራ፣ ሌላው ኪያራ ማርሌቶና ቭላትኮ ቬድራል፣ በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን የሙከራ ሐሳብ አወጡ።

ክብደታቸው 10⁻¹⁴ ኪሎ ግራም የሆነ ሁለት የአልማዝ ቅንጣቶች ይወሰዳሉ። የእያንዳንዳቸው ስፋት ወደ ሁለት ማይክሮ ሜትር ነው፤ በዓይን አይታዩም። እያንዳንዱ አልማዝ ሩብ ሚሊ ሜትር በተራራቁ ሁለት ቦታዎች በአንድ ጊዜ እንዲኖር ይደረጋል፤ ይህ ከራሱ ስፋት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱን በስበት ካልሆነ በቀር በምንም እንዳይነካኩ እየጠበቅን 2.5 ሰከንድ እንታገሣለን። ከዚያ ተቆራኝተው እንደሆነ እንለካለን። አመክንዮው ቀላልና ጠንካራ ነው፦ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበት መልእክተኛ የኳንተም ባሕርይ ከሌለው ሊያቆራኛቸው አይችልም። ተቆራኝተው ከተገኙ፣ በመካከላቸው ከስበት ሌላ ምንም ስላልነበረ፣ ስበት ኳንተም ነው ማለት ነው። ይህ መደምደሚያ ያን ያህል ይርቃል ወይ ብለው የሚከራከሩ ፊዚክስ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክሩም ከባድ ነው። እኔ ግን ከማንኛውም የቀረበ ሐሳብ ይልቅ ይህ ወደ እውነተኛ መልስ ያስጠጋናል ባይ ነኝ።

ተማሪዎች፣ ይህን ስሌት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ እስክሪብቶ አውጡ። የኒውተንን የስበት ቋሚ ቁጥር፣ 6.67 ሲባዛ በ10⁻¹¹፣ ውሰዱ። በክብደቱ ካሬ፣ በ10⁻²⁸ አባዙት። በ2.5 ሰከንድ አባዙት። አሁን በሁለት ነገሮች አካፍሉ፦ በሁለት ፓይ በተካፈለው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ እሱም 1.05 ሲባዛ በ10⁻³⁴ ነው፣ ከዚያም በሁለቱ አልማዞች መካከል ባለው የቅርብ ርቀት፣ በ200 ማይክሮ ሜትር። መልሱ 0.8 አካባቢ ይመጣል። ስበት የአልማዙን የኳንተም ሞገድ በ0.8 ራዲያን ያዞረዋል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ቢፈጠር የሚለካ ነው። ያን የሚያህሉ ደቃቅ ቁጥሮች ተባዝተውና ተካፍለው ወደ አንድ የሚጠጋ መልስ ሲሰጡ ሳይ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ርቀቱ ለምን ከ200 ማይክሮ ሜትር አያንስም የሚል ካለ፣ ከዚያ ከቀረቡ ካዚሚር የሚባለው የኤሌክትሮማግኔት ኃይል ከስበት ይበልጣል። ያኔ ያቆራኛቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለት ሌሎች ሐሳቦችን በአጭሩ ልጥቀስ። ሮጀር ፔንሮዝ ስበት ራሱ ከባድ ነገር በሁለት ቦታ እንዳይኖር ይከለክላል ይላል። ከዚህ ሐሳብ በጣም ቀላል የሆነው ዓይነት ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር አለት በላዩ ተጭኖ፣ ተፈትኖ ወድቋል፤ ሌሎቹ ግን አሁንም ይቆማሉ። ፔንሮዝ ልክ ከሆነ የቦዝና የማርሌቶ ሙከራ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያም ራሱ ትልቅ ዜና ይሆናል። ሁለተኛው የማርክ ቫን ራምስዶንክ ነው። በ2010 ባወጣው ሥራ ቁርኝት ቦታን አያይዞ የሚይዝ ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ቁርኝቱ ሲቀነስም ቦታው እንደሚለያይ በሒሳብ አሳይቷል። ውብ ሐሳብ ነው። ግን ስሌቱ የተሠራው እኛ ከምንኖርበት የተለየ ጠፈር ውስጥ ስለሆነ ለጊዜው ብዙ ክብደት አልሰጠውም።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ተማሪ «ታዲያ ምን ያህል ይቀራል?» ብላ ጠየቀች። የመለስኩላትን እዚህም ላስፍር።

በ2019 ቪየና ውስጥ ከ2,000 በላይ አተሞች ያሉት ሞለኪውል በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ እንዲሄድ ተደርጓል። ክብደቱ ከሚፈለገው አልማዝ ከ200 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል። በ2021 እዚያው ቪየና ሌላ ቡድን የሁለት ትንንሽ የወርቅ ኳሶችን ስበት ለካ፤ የእያንዳንዳቸው ክብደት 90 ሚሊ ግራም ነበር። ያም ከአልማዙ 9 ቢሊዮን እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ኳንተምነቱ የተረጋገጠለት ነገር ለስበት በጣም ቀላል ነው፤ ስበቱ የተለካው ነገር ደግሞ ለኳንተም በጣም ከባድ ነው። አልማዙ ያለው በመካከላቸው ነው። ከታች የሚመጡት ሞለኪውሉን እያከበዱ፣ ከላይ የሚመጡት ኳሱን እያቀለሉ ናቸው። እኔ ቀድሞ የሚጠበው የታችኛው ክፍተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ችግር ሙቀትን፣ አየርንና ንዝረትን መከላከል ነው፤ ይህ ደግሞ የምሕንድስና ሥራ እንጂ የተፈጥሮ ክልከላ መሆኑን እስካሁን ያሳየ የለም። ጠያቂዋ 17 ዓመቷ ነው። መልሱ በእሷ የሥራ ዘመን ውስጥ ሊመጣ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ለእሷም እንደዚሁ ነግሬያታለሁ።